ትልቅ ጎማና ሊፍት ኪት፦ መኪናው ከፍ ሲል በእርግጥ ከፍ የሚለው ምኑ ነው?

የመኪና ዕቃ የሚሸጥባቸውን የቴሌግራም ቻናሎች የምትከታተሉ ሰዎች ሊፍት ኪት የሚል ማስታወቂያ ሳታዩ አትውሉም፣ 2 ኢንች ለሃይሉክስ፣ 3 ኢንች ለፕራዶ፣ ከነጎማው ከነቸርኬው ምናምን። ከስር ያለው ኮመንት ደሞ ሁሌ ያው ነው፣ ግማሹ ዋጋ ይጠይቃል ግማሹ ይሄ ነገር መኪና ያበላሻል እያለ ይከራከራል። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደሞ እጅ ላይ ያለችውን ላንድክሩዘር ወይም ፒክአፕ አጠንክሮና አሳምሮ መያዝ የብዙ ሰው ሀሳብ ሆኗል።

ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ስለሚጨፈለቁ ነው። ጎማ ማስተለቅ አንድ ነገር ነው፣ ሞላና ባሌስትራ ነክቶ መኪናውን ከፍ ማድረግ፣ ሊፍት የሚባለው፣ ሌላ ነገር ነው፣ አንዱ የሚፈታውን ችግር ሌላው አይፈታም፣ የሚያመጡት ጣጣም ይለያያል። በየተራ እንያቸው።

ከፍ አለ ሲባል ምኑ ነው ከፍ ያለው?

ሊፍት ማለት በጎማውና በሻንሲው መሃል ያለውን ክፍተት መጨመር ነው። ረዘም ያለ ሞላ፣ ጎበጥ ያለ ባሌስትራ ወይም ማስቀመጫ ጉርድ ብረት ይገባና ቦዲውና ሻንሲው ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ወደ ላይ የወጣው ቦዲው እንጂ አክስሉ አይደለም።

ሃርድቶፕ የምንላት ላንድክሩዘር ፊትም ኋላም ድፍን አክስል ነው ያላት። ሃይሉክስና ፕራዶ ደሞ ኋላቸው ድፍን ነው፣ ፊታቸው ግን ጎማ ለየብቻ የሚንቀሳቀስበት ነው። ድፍን አክስል መሃል ላይ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ያ ድብልብሉ ዲፈረንሻል አለ፣ ከመኪናው ሁሉ ለመሬት የሚቀርበውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ ድንጋይ የሚመታውም እሱ ነው፣ ጭቃ ላይ እንደ ማረሻ የሚያርሰውም እሱ ነው። አክስሉ ደሞ የሚያርፈው ጎማው ላይ ነው። ስለዚህ 2 ኢንች አስገቡ 5 ኢንች አስገቡ ዲፈረንሻሉ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ጭቃ ስትሻገሩ ልብሳችሁን ሰብስባችሁ ብትይዙ ልብሱ ይተርፋል እንጂ እግራችሁ እዛው ጭቃው ውስጥ ነው፣ ሊፍትም እንደዚያው ነው።

ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፣ እሱም ጎማው በጨመረው ቁመት ግማሽ። ግማሽ የሚሆነው አክስሉ የሚገባው ጎማው መሃል ላይ ስለሆነ ነው፣ የቀረው ግማሽ ከአክስሉ በላይ ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳል።

ታዲያ ሊፍት ምን ይሠራል? አንደኛ የመኪናው ሆድ ጉብታ ላይ እንዳይቀመጥ ያደርጋል። ሁለተኛ አንግሎቹን ያሻሽላል፣ ማለትም ቀጥ ያለ ዳገት ስትጀምሩ ባምፐሩ ሳይነካ ጎማው ቀድሞ ይደርሳል፣ ከወንዝ ስትወጡ ደሞ ኋላው አይጎተትም። ሦስተኛ ለትልቅ ጎማ ቦታ ይከፍታል፣ ይሄኛው ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም፣ ትንሽ ቆይተን እንመጣበታለን።

ጎማው ላይ ያለው ቁጥር እንዴት ይነበባል?

ብዙ ሃይሉክስና ፕራዶ ላይ ያለውን 265/65R17 እንውሰድ። 265 ማለት የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ፐርሰንት ነው፣ የጎማው ጎን ከቸርኬው ጠርዝ እስከ ጥርሱ ያለው ቁመት የስፋቱ 65 ከመቶ ነው ማለት ነው፣ 172 ሚሊ ገደማ። 17 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ጎኑን ከላይም ከታችም ቆጥራችሁ ቸርኬውን ስትደምሩበት ሙሉ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ይመጣል።

ሰው በብዛት የሚመኘው 285/70R17 ነው። ያው ስሌት ሲሠራ 831 ሚሊ ይሆናል። ልዩነቱ 55 ሚሊ፣ ዲፈረንሻሉ ከፍ የሚለው ግን በግማሹ 27 ሚሊ፣ ሁለት ጣት እንኳን አይሞላም። አትናቁት ግን፣ ኮረብታማ የጠጠር መንገድ ላይ መሃሉ ጎብጦ ጎንና ጎኑ የተቦረቦረ መንገድ ሲገጥም በነኩና ባልነኩ መሃል ያለው ልዩነት ይሄው ሁለት ጣት ነው። በመሃል ደሞ 265/70R17 አለ፣ 803 ሚሊ፣ ብዙ መኪና ላይ ያለ ብዙ ጣጣ የሚገባውም እሱ ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣውን ትንሿን ጽሑፍ ግን ማንም አያያትም። ለምሳሌ 112 የሚል ካለ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፣ 121 ከሆነ 1,450 ኪሎ። አጠገቡ ያለው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ነው፣ ብዙ የጭቃ ጎማ ላይ የምታገኙት ኪው (Q) በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ነው። ትልቅ ስለሆነ ብዙ ይሸከማል ብሎ ነገር የለም፣ ይነበባል።

ሊፍት ካስገባሁ ትልቁ ጎማ አይነካም አይደል?

ይሄ ነው ትልቁ አለመግባባት። መኪናው ቆሞ ስታዩት በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል እጅ የሚያስገባ ቦታ አለ፣ በቃ ገባ ትላላችሁ። ግን መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ሞላው እስከ መጨረሻው ይጨመቃል፣ እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ ደሞ ጎማው የሚደርስበት ቦታ ሊፍት ከመግባቱ በፊት ይደርስበት የነበረው ያው ቦታ ነው፣ ምክንያቱም መቆሚያው ጎማ ማለትም ሞላው ሲያልቅ አክስሉን የሚቀበለው ካውቾ ካልተራዘመ ቦታውን አልለቀቀም። ሊፍቱ መነካካቱን አዘገየው እንጂ አላስቀረውም።

በዚያ ላይ የፊት ጎማ የሚነካው ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው ስታዞሩ የጎማው የኋላ ጠርዝ ከጋቢናው ስር ቦዲው ከሻንሲው ጋር ወደ ሚታሰርበት ብረትና ወደ ፓራፋንጎው ፕላስቲክ ይጠጋል፣ እዚህ ላይ ሊፍት ምንም አይረዳም ማለት ይቻላል። ያለቀለት ምልክቱ ፕላስቲኩ ውስጥ የተላገ የሚያብረቀርቅ ጭረት ነው፣ ጎማው ላይ ደሞ ጥርሶቹ ጠርዝ ላይ ተልጠው ታያላችሁ። ቸርኬው ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ይብሳል፣ ጎማው ሲዞር የሚያካልለው ክብ ስለሚሰፋ። አንዳንዱ ያንን ብረት ቆርጦ መልሶ ይበይዳል፣ የሚያውቅ ሰው ከሠራው ይሆናል፣ ካልሆነ ግን የቦዲ ማሰሪያ መሆኑ አይረሳ።

ለመፈተሽ ቀላሉ መንገድ አንዱን የፊት ጎማ ትልቅ ድንጋይ ወይም መወጣጫ ላይ አውጥቶ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ጥግ ማዞርና በእጅ ባትሪ ማየት ነው። ሜዳ ላይ ቆሞ ማየት ምንም አይነግርም።

ጎማ ከቀየርኩ በኋላ መኪናው ለምን ሰነፈ?

776 ሚሊ የሆነው ጎማ አንዴ ሲዞር 2.44 ሜትር ይሄዳል፣ 831ዱ 2.61 ሜትር። 7 ከመቶ ይበልጣል። ይሄ ማለት ሞተሩ በእያንዳንዱ ዙር መኪናውን 7 ከመቶ አርቆ መግፋት አለበት፣ ከፍ ባለ ማርሽ ዳገት እንደመውጣት ነው። ዲፈረንሻሉ 4.10 ከሆነ፣ ማለትም ትራስሚሲዮኑ 4.1 ጊዜ ዞሮ ጎማው አንዴ የሚዞር ከሆነ፣ በአዲሱ ጎማ 3.83 እንደሆነ ይቁጠሩት። ጎማው ደሞ በራሱ ይከብዳል፣ ጠንካራ ጎን ያለው ጎማ ከፋብሪካው ጎማ በአንዱ ከ5 ኪሎ በላይ ሊበልጥ ይችላል፣ የሚዞር ክብደት ስለሆነ ለማስነሳትም ለማቆምም ያስቸግራል።

እኛ ሀገር ላይ ይሄ ነገር ከሌላው የባሰ ነው፣ ምክንያቱ ከፍታው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ወደ 1 ከመቶ ጉልበት ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሃርድቶፕ ላይ ያለው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ቱርቦ የለውም፣ ፋብሪካ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብሎ የሰጠው አዲስ አበባ ላይ ወደ 100 ይወርዳል፣ እሱ ላይ ደሞ ትልቅ ጎማ ሲጨመርበት ጣርማበርን በሁለተኛ ማርሽ እየቃተተ መውጣት ነው። ቱርቦ ያላቸው አዳዲሶቹ ሃይሉክሶች ይሄን ያህል አይጎዱም። አውስትራሊያ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ዩቲዩብ ላይ ምንም ልዩነት አልተሰማኝም ሲል የሚነዳው ባህር ጠለል አካባቢ መሆኑን አስታውሱ።

መፍትሔው የዲፈረንሻሉን ጥርሶች፣ ኮሮናና ፒኞኑን፣ መቀየር ነው፣ ፊትና ኋላ እኩል መሆን አለበት፣ ዋጋው ግን ከጎማው ይበልጣል። ለ3 ከመቶ ጭማሪ ማንም አያደርገውም፣ ለ7 ከመቶ ያጠራጥራል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ግዴታ እየሆነ ይመጣል።

ስፒዶሜትሩም ይዋሻል። 100 ሲል እውነቱ 107 ይጠጋል። ፋብሪካ ራሱ ስፒዶሜትሩን ትንሽ አስበልጦ እንዲያሳይ ስለሚያደርገው የተወሰነው ይካካሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ኪሎ ሜትሩም ያው ነው፣ በ5,000 ዘይት የሚቀይር ሰው በእውነቱ 5,350 ነድቷል። ነዳጅ በጣም በላ የሚባለውም ከፊሉ ከዚህ ይመጣል፣ የሄዳችሁትን አሳንሶ ስለሚቆጥር።

ፍሬኑስ?

ትልቅ ጎማ ለፍሬኑ ረዥም ዘንግ ነው፣ ያንኑ መኪና በዚያው ርቀት ለማቆም 7 ከመቶ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። ከተማ ውስጥ አይታወቅም። ከጎሃጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ነው የሚታወቀው፣ ማርሽ አስገብታችሁ በሞተር ፍሬን የምትወርዱት ያ ጉተታ ራሱ 7 ከመቶ ላልቷል፣ ስለዚህ እግራችሁ ፍሬኑ ላይ ይበዛል፣ ፍሬኑ ይግላል። ጭነት ካለ በአንድ ማርሽ ቀንሳችሁ ውረዱ።

ሊፍቱ ደሞ የራሱ የፍሬን ጣጣ አለው፣ ጋራዦች የሚረሱትም ይሄን ነው። ብዙ ፒክአፕና ሃርድቶፕ ላይ ከኋላ አክስል በላይ ሻንሲው ላይ የታሰረ ቫልቭ አለ፣ ከአክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ ተያይዟል። መኪናው ሲጫን ወደ ታች ይወርዳል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩም ኋላው ከብዷል ብሎ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ዘይት ይለቃል። መኪናውን በሊፍት ከፍ ስታደርጉት ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ ነው ብሎ ያስባል፣ አንድ ቶን ጭናችሁም ለኋላ ፍሬን የሚገባውን ያህል አይሰጥም። መድኃኒቱ ዘንጉን በሊፍቱ ልክ ከፍ የምታደርግ ትንሽ ብረት ናት፣ ዋጋዋ ከምንም አይቆጠርም፣ ግን አስገባችሁልኝ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የፍሬን ጎማ ቱቦዎችም እንዲሁ፣ መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው ሲንጠለጠል ቱቦው ከተወጠረ አጭር ነው፣ መቀየር አለበት።

መሪው ለምን ይንሳፈፋል?

ከሊፍት በኋላ ሰው በጣም የሚያማርርበት ይሄ ነው፣ መኪናው በ80 ሲሄድ መስመሩን አይይዝም፣ መሪው ከዞረ በኋላ በራሱ አይመለስም። ምክንያቱ ካስተር የሚባለው ነገር ነው። የፊት ጎማ የሚዞርበት ዘንግ ቀጥ ብሎ አልቆመም፣ አናቱ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፣ መሪው ራሱን እንዲያቀና የሚያደርገው ይሄ ማዘንበል ነው። ሞላ ያላት ሃርድቶፕ ፊቷ ከፍ ሲል አክስሉን የያዙት ክንዶች ወደ ታች ስለሚያጋድሉ አክስሉን ወደ ፊት ይጠመዝዙታል፣ ማዘንበሉ ይቀንሳል። ቀዳዳው ከመሃሉ የተዛነፈ ልዩ ቡሽ፣ ማለትም የክንዱ ማሰሪያ ካውቾ፣ ገብቶ ይስተካከላል። አክስሉን ወደ ጎን የሚይዘው ረዥም ዘንግም መኪናው ከፍ ሲል አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፣ ከኋላ ቆማችሁ ስታዩ መኪናው ትንሽ ገደድ ብሎ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ሃይሉክስና ፕራዶ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ከፊት ዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄደው ሰሚያስ በሁለቱም ጫፍ የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ አለው፣ መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ሰሚያሱ ወደ ታች በጣም ተዳፍቶ ይሠራል። እስከ 2 ኢንች ይችለዋል። ከዚያ ሲያልፍ የመገጣጠሚያው ሽፋን ካውቾ ይታሻል፣ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ቸርኬው ላይ ይረጫል፣ ውስጡ አሸዋ ይገባና ስትዞሩ ቀጭ ቀጭ ይላል። የላይኛው ክንድም ጥጉ ላይ ስለሚደርስ ካምበሩ፣ ማለትም ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት፣ እና ካስተሩ በአላይመንት አይስተካከልም፣ ለዚህ ነው ከ2 ኢንች በላይ ለማስገባት የላይኛው ክንድ አብሮ የሚሸጠው። 3 ኢንች በርካሽ ገባልኝ ያለ ሰው ክንዱ ተቀይሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁት።

ይገለበጣል የሚባለውስ?

እውነትነት አለው፣ በስሌት ይታያል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ለመገልበጥ አደጋ የሚጠቀምበት ቀላል መለኪያ አለ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መሃል ያለውን ስፋት ግማሽ ለመኪናው የክብደት ማዕከል ቁመት ማካፈል። አውቶሞቢሎች 1.3 እስከ 1.5 ያመጣሉ፣ ኤስዩቪዎች 1.0 እስከ 1.3። ለምሳሌ የስፋቱ ግማሽ 750 ሚሊ፣ የክብደት ማዕከሉም 750 ሚሊ ከፍታ ላይ ቢሆን 1.0 ነው፤ በሊፍትና በጎማ ክብደቱ 60 ሚሊ ከፍ ቢል 0.93 ይሆናል። በዚያ ላይ ጣራው ላይ ስኮርታ ጎማ፣ ሁለት ጀሪካንና ድንኳን ሲጫን ቁጥሩን ልቆጥርላችሁም አልፈልግ። ቀስ ብሎ ድንጋይ ለሚሻገር ሰው ይሄ ብዙ አያሳስብም፣ አደጋው ያለው በአስፋልት በ100 እየሄዱ አህያ ገብቶ መሪ ሲጠመዘዝ ነው።

ርካሹና ውዱ ሊፍት በምን ይለያያሉ?

ርካሹ ስፔሰር ነው፣ ሞላው አናት ላይ የሚቀመጥ ጉርድ። ሃይሉክስ ፊት ላይ 25 ሚሊ ስፔሰር ሲገባ መኪናው ወደ 50 ሚሊ ሊነሳ ይችላል፣ ሞላው የሚያርፈው ክንዱ መሃል አካባቢ ስለሆነ ጎማው ጋ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል። መልኩን ይቀይራል፣ አነዳዱን አያሻሽልም። ባሌስትራ ማስጨመር ሁላችንም የምናውቀው ነው፣ ለጭነት ጥሩ ነው፣ ባዶውን ግን ወገብ ይቆርጣል። ቦዲ ሊፍት የሚባለው ደሞ ቦዲውን ከሻንሲው ለይቶ መሃሉ ጉርድ ማስገባት ነው፣ ለጎማ ቦታ ይከፍታል፣ ሆዱንም አንግሉንም አይጠቅምም ማለት ይቻላል።

ውዱ ሞላው፣ ባሌስትራውና ሾክ አብዞርበሩ ተስማምተው አንድ ላይ የተሠሩበት ሙሉ ኪት ነው። እዚህ ላይ የሚበላሸው የሞላ ምርጫ ነው። ሞላ የሚሸጠው በክብደት ነው፣ ባዶ ለሚሄድ፣ ፊቱ ላይ ብረት ባምፐር ለጫነ፣ ኋላው ሁልጊዜ 300 ኪሎ ለሚይዝ እየተባለ። ለጭነት የተሠራውን ባዶ መኪና ላይ ያስገባ ሰው ከፍታውን አገኘ፣ ግን መኪናው የጠጠር መንገድ ላይ ይዘላል፣ ጎማው ከመሬት ይነሳል፣ መያዝ ያቅተዋል። ከሁሉ በፊት ደሞ አሁን ያለውን ቁመት ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለኩ፣ 15 ዓመት የሠራ ባሌስትራ ተቀምጦ ነው የሚገኘው፣ ሊፍት ያስፈልገኛል ያላችሁት አዲስ የፋብሪካ ሞላ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ሰው 2 ኢንች የሚለው ከየት መጣ?

ከፊሉ ከላይ ያለው የሰሚያስ ነገር ነው፣ ከፊሉ ህግ ነው። ከታወቁት ኪቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ከአውስትራሊያ ነው፣ እዛ ብዙ ስቴቶች ያለ ኢንጂነር ሰርተፊኬት የሚፈቅዱት ጎማው ከሚያመጣው 25 ሚሊ ጋር ተደምሮ 75 ሚሊ ከፍታ ነው፣ ለሞላው የሚቀረው 50 ሚሊ፣ ማለትም 2 ኢንች ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደሞ ፊቱን ብቻ ማስነሳት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ገደብ እንዳለው እወቁ፣ የፊት ባምፐር ከኋላው በ4 ኢንች ወይም በላይ ከበለጠ ክልክል ነው። ኤምሬትስ ላይ ያለ ፈቃድ ሻንሲ ወይም ሞተር መነካካት ቅጣት አለው፣ መኪናም ይታሰራል።

ታዲያ ከየት ልጀምር?

ከንፋስ። አፋር ውስጥ ወደ ኤርታሌ የሚወስደውን አሸዋ የሚመላለሱ ሹፌሮች ይሄን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ንፋሱ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የነበረውን ጎማ ወደ 18 ሲያወርዱት ጎማው ተንጠፍጥፎ መሬት የሚይዝበት ርዝመት ይጨምራል፣ መኪናው አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይቆፍርም። ነጻ ነው፣ ከ2 ኢንች ሊፍትም በላይ ይሠራል። አይስላንዶች እነዚያን ባለ 38 ኢንችና ከዚያ በላይ ጎማዎች የሚያስገቡትም ንፋሱን እስከ 3 እና 4 አውርደው በረዶ ላይ ለመንሳፈፍ ነው፣ ለቁመና አይደለም። ወደ አስፋልት ስትወጡ ግን መልሳችሁ ማስነፋት አለባችሁ፣ በላላ ጎማ በፍጥነት መሄድ ጎኑን አግሎ ያፈነዳዋል፣ ስለዚህ ትንሽ ኮምፕረሰር መያዝ ግዴታ ነው።

ቀጥሎ የጥርሱ ዓይነት። በፋብሪካው መጠን ጥሩ ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ ከተላገ ትልቅ ጎማ ይሻላል። ሰፊ ሁሌም ይበልጣል ማለትም አይደለም፣ ክረምት ላይ መረሬ መሬት ስር ጠንካራ ነገር ካለ ቀጭኑ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ይደርስበታል፣ ሃርድቶፖች ከፋብሪካ በቀጭኑ 7.50R16 የሚመጡት ወደው አይደለም። ስሩ ምንም ከሌለ ግን ቀጭንም ሰፊም ያው አካፋ ነው።

ይሄ ሁሉ አልበቃ ካለ በኋላ ነው ጎማ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ ሊፍት፣ ከዚያ ወዲያውኑ አላይመንት፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተነዳ በኋላ ደሞ ቡሎኖቹን ሁሉ መልሶ ማጥበቅ፣ አዲስ ሞላና ቡሽ ቦታውን ሲይዝ ዳዶ ይላላል። ጎማ ስትገዙ ደሞ አምስት ግዙ። አራት ገዝቶ አሮጌውን ስኮርታ ያስቀረ ሰው መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳበት በ55 ሚሊ የሚያንስ ጎማ ነው የሚያስረው፣ ፕራዶ ሁልጊዜ አራቱንም ስለሚነዳ የመሃሉ ዲፈረንሻል ያለማቋረጥ እየተሽከረከረ ይግላል፣ ሃይሉክስ ላይ ደሞ እኩል ባልሆነ ጎማ አራት በአራት ማስገባት አይመከርም። አምስተኛውን ከመክፈላችሁ በፊት ግን ከኋላ ሻንሲው ስር ያለው የስኮርታ ቦታ ይችለው እንደሆነ ለኩ፣ ጎማው ከጭስ ማውጫውና ከባምፐሩ መሃል ካልገባ ጣራ ላይ ነው የሚወጣው።